ስምና መዝገብ፦ የኢትዮጵያ መጻሕፍት በጄኔቫና በዙሪክ ቤተ መጻሕፍት ካታሎጎች

ስለ ኢትዮጵያ ጥናት ታሪክ በሚጻፉ መጣጥፎች የተመራማሪው ስም ይነሣል፤ የመጽሐፉ አርእስት ይጠቀሳል፤ ያሳተመው ዩኒቨርሲቲም ይመሰገናል። መጽሐፉን ከመደርደሪያ አግኝቶ ለማንበብ ያስቻለው የካታሎግ ሥራ ግን የጽሕፈት ቤት ጉዳይ ነው ተብሎ ይታለፋል። እንዲያ ቢሆን ኖሮ በጥናት መጽሔት ገጽ ላይ ስለ እርሱ መከራከር ባላስፈለገም ነበር። ነገር ግን በታላላቅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በመዝገብ ያልተገኘ መጽሐፍ እንዳልተጻፈ ይቈጠራል። ተማሪው ፈልጎ ሲያጣ «በአማርኛ የተጻፈ ጥናት የለም» ብሎ በመመረቂያ ድርሰቱ ያሰፍራል፤ መምህሩም በዝምታ ያጸድቅለታል። ከዚያ ወዲያ ያ ዐረፍተ ነገር ማስረጃ ሆኖ ከድርሰት ወደ ድርሰት ይሸጋገራል።

ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን የሚመረምረው በስዊዘርላንድ፣ ይልቁንም በጄኔቫና በዙሪክ መነሻነት ነው። ምርጫው ምክንያት አለው። ጄኔቫ የቀድሞው የመንግሥታት ማኅበር መዛግብት የሚገኙባት ከተማ ናት። ዙሪክ ደግሞ የዳግማዊ ምኒልክ አማካሪ የነበሩት አልፍሬድ ኢልግ የምሕንድስና ትምህርታቸውን የተማሩባትና እ.ኤ.አ. በ1916 ያረፉባት ከተማ ናት። ከሁሉ ይልቅ ግን ሁለቱ ከተሞች በአንድ አገርና በአንድ የጋራ ካታሎግ ውስጥ ሆነው በሁለት ቋንቋና በሁለት የስም መዝገብ ልማድ ይሠራሉ። ስለዚህ አንድ የኢትዮጵያ ስም ድንበር ሳይሻገር እንዴት ሁለት ሊሆን እንደሚችል ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

አሳቤን አስቀድሜ ልግለጽ። በስደት ያለው ምሁር ስለ ካታሎግ በተነሣ ቍጥር የሚሰጠው ፍርድ የታወቀ ነው፤ ፈረንጆች ስማችንን አያውቁም፣ ፊደላችንን ይንቃሉ፣ ዘመናችንን ያዛባሉ ይላል። ይህ ፍርድ ግማሽ እውነት አለው። ሌላው ግማሽ ግን በእኛው በር ላይ የቆመ ነው፤ እርሱን ሳንመለከት የመጀመሪያውን ብቻ መደጋገም ለመጻሕፍቱ የሚጠቅም አይደለም።

ሁለት ከተሞች፣ ሁለት የስም መዝገቦች

የጄኔቫ ቤተ መጻሕፍት መነሻ እ.ኤ.አ. በ1559 ካልቪን ያቋቋመው አካዳሚ ነው። የዙሪክ ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1629 የተመሠረተው የከተማው ቤተ መጻሕፍት ከካንቶኑ ቤተ መጻሕፍት ጋር ተዋሕዶ የተገኘ ሲሆን፣ አዲሱ ሕንፃ የተከፈተው በ1917 ነው፤ ዛሬም የከተማው፣ የካንቶኑና የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሆኖ ያገለግላል። እነዚህ ተቋማት ለረጅም ጊዜ የየራሳቸውን መንገድ ሲከተሉ ኖረዋል። በኮምፒዩተር ዘመንም ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ምዕራብ «ሬሮ» በሚባለው መረብ፣ የዙሪክ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትና አጋሮቹ «ኔቢስ» በሚባለው መረብ ተለያይተው ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ግን በመቶ የሚቈጠሩ የአገሪቱ የከፍተኛ ትምህርትና የምርምር ቤተ መጻሕፍት «ስዊስከቨሪ» በተባለ አንድ የጋራ ካታሎግ ተጠቃለሉ።

ይህ በአስተዳደር ረገድ ታላቅ ሥራ ነው። ከውስጥ ሲታይ ግን አንድነቱ ሙሉ አይደለም። በካታሎግ ሙያ የእያንዳንዱን ደራሲ ስም አንድ ወጥ ቅርጽ የሚወስነው የተረጋገጡ ስሞች መዝገብ የሚባለው ነው። የጀርመንኛ ተናጋሪው ክፍል የሚከተለው እ.ኤ.አ. በ2012 በጀርመን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሥር የተጠቃለለውን የጋራ መዝገብ ሲሆን፣ የፈረንሳይኛ ተናጋሪው ክፍል ደግሞ በፈረንሳይ የከፍተኛ ትምህርት የመጻሕፍት መረጃ ድርጅት የሚተዳደረውን «ኢድሬፍ» የተባለ መዝገብ ይጠቀማል። ለአገሬው ደራስያን ይህ ብዙ ችግር አያመጣም፤ የጄኔቫው ሩሶ በዙሪክም ሩሶ ነው። በላቲን ፊደል ለማይጻፍና የቤተሰብ ስም ለሌለው ሕዝብ ግን ሁለት መዝገብ ማለት ሁለት ሰው ማለት ሊሆን ይችላል።

ቀላል ምሳሌ ከቦታ ስም እንውሰድ። ሸዋን እንግሊዝኛው በኤስና በኤች ይጀምረዋል፤ የፈረንሳይኛው የቆየ ልማድ በሲና በኤች፣ የጀርመንኛው ደግሞ በኤስ፣ በሲና በኤች ይጽፉታል። በካርድ ዘመን ይህ ማለት አንዱ ክፍለ አገር በጄኔቫ በአንድ መሳቢያ፣ በዙሪክ ከእርሱ እጅግ በራቀ በሌላ መሳቢያ ይገኝ ነበር ማለት ነው። ዛሬ መሳቢያው ቀርቷል፤ ልዩነቱ ግን ከካርዱ ወደ ኮምፒዩተሩ አብሮ ተገልብጧል። ጌታቸው፣ ወርቁ፣ ሽመልስ፣ ጫኔ የሚሉትን ስሞች በዚሁ መንገድ የሚያስብ አንባቢ የጉዳዩን ስፋት ለመገመት አይቸግረውም።

የአባት ስምና የደራሲው ስም

ኢትዮጵያዊ ስሙ አንድ ነው፤ የሚከተለው የአባቱ ስም ነው። ይህን ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ለካታሎግ ሠራተኛው ግን ሁለተኛው ቃል የቤተሰብ ስም ይመስለዋልና ስሙን ይገለብጠዋል። ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 በኦክስፎርድ ያሳተሙት የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት ታሪክ በብዙ የመጻሕፍት ዝርዝሮች ውስጥ «ታምራት» በሚለው ሥር ተመዝግቦ ይገኛል። ይህም ሥራውን ለአባትየው መስጠት ነው። ወንድማማቾች ያልሆኑ ብዙ ደራስያን ደግሞ የአባቶቻቸው ስም አንድ ስለሆነ ብቻ እንደ አንድ ቤተሰብ ተጠጋግተው ይደረደራሉ።

ጥምር ስም ሲገኝ ጥፋቱ ይብሳል። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ሥርግው ሐብለ ሥላሴ፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን የሚሉት ስሞች የት ላይ እንደሚቈረጡ የማያውቅ ሰው «ገብረ» የሚለውን ብቻውን፣ «ሕይወት»ን ደግሞ ለብቻው ሊያስቀምጥ ይችላል። በዚህ ላይ ማዕረግ ይጨመራል። ብላታ፣ አለቃ፣ አባ፣ ደጃዝማች የሚሉት ቃላት በመጽሐፍ ሽፋን ላይ ከስም በፊት ስለሚታተሙ፣ እንደ መጠሪያ ስም ተወስደው መዝገብ የገቡበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ይሁንና ዓለም አቀፉ ሕግ በዚህ ነገር ላይ አልበደለንም። እ.ኤ.አ. በ1961 በፓሪስ በተደረገው የካታሎግ መርሖዎች ጉባኤ የተወሰነው ግልጽ ነው፤ የብዙ ቃላት ስም በየትኛው ቃል መጀመር እንዳለበት የሚወስነው፣ በተቻለ መጠን፣ ደራሲው ዜጋ በሆነበት አገር ስምምነት ያገኘው ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውና በ2016 የታደሰው ዓለም አቀፍ የካታሎግ መርሖም ይህንኑ መንፈስ ጠብቋል። እንግዲህ ጥያቄው ወደ እኛ ይመለሳል፤ ስምምነት ያገኘው ልማዳችን የትኛው ነው?

በአገር ቤት ማንም ሰው በመጀመሪያ ስሙ ይጠራል፤ ይህ አያከራክርም። በውጭ አገር የሚጽፈው የእኛው ምሁር ግን ምን ያደርጋል? በእንግሊዝኛ በሚያሳትመው ጽሑፍ መጨረሻ የባልንጀሮቹን ስም ገልብጦ ይደረድራል፤ በአማርኛ በሚያሳትመው ደግሞ እንደ ወጉ ይተዋል። አንዳንዱ ገብረን ከሚቀጥለው ቃል ጋር በሰረዝ ያያይዛል፤ አንዳንዱ ያጣብቃል፤ ሌላው ለይቶ ይጽፋል። የስዊዘርላንድ የክብር መዝገብ ሹም ደግሞ የአባቱን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ያሰፍርለታል፤ ልጆቹም አያታቸውን ቤተሰብ አድርገው ያድጋሉ። እነዚህ ሁሉ ቅርጾች በመጽሐፍ ሽፋን ላይ ሲወጡ የዙሪኩ ካታሎግ ሠራተኛ የትኛውን ይመን? ሕጉ ያዘዘው የተስማማንበትን እንዲከተል ነው፤ ያልተስማማንበትን መከተል ግን አይቻልም።

አንድ የቆየ ምሳሌ እዚህ ላይ ያስተምራል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በስዊዘርላንድ ቆይተው ወደ ኢጣልያ የተሻገሩት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፣ እ.ኤ.አ. በ1908 በሮም «ልብ ወለድ ታሪክ»ን ያሳተሙት ደራሲ፣ በአውሮፓ ቋንቋ ባሳተሟቸው መጻሕፍት ሽፋን ላይ የአባታቸውን ስም ሁለት የመጀመሪያ ፊደላት አስቀድመው «አፈወርቅ»ን በመጨረሻ አስቀምጠዋል። የፈረንጅ ሠራተኛ ስሙን በልማዱ ሲገለብጠው «አፈወርቅ» ወደ ፊት ይመጣል፤ የአባትየው ስም ወደ ኋላ ይቀራል። ገልባጩ ሳያውቅ ስሙን ወደ ትክክለኛ ቦታው መለሰው ማለት ነው። ስለ ሰውየው የፖለቲካ ሕይወት የሚሰጠው ፍርድ ሌላ ነገር ነው፤ በዚህ ጉዳይ ግን ከኋላቸው ከመጡት ብዙዎች ይልቅ ስማቸው ከመገልበጥ ድኗል።

ፊደልና ዘመን

ከስም ቀጥሎ የሚመጣው የፊደል ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የምክር ቤት ቤተ መጻሕፍትና የቤተ መጻሕፍት ማኅበሩ በጋራ ያወጡት የአማርኛ ፊደል መገልበጫ ሠንጠረዥ ሀን፣ ሐንና ኀን በነጥብና በምልክት ይለያቸዋል። የሐምቡርጉ ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ የራሱን ሥርዐት ይከተላል። የፈረንሳይ ሊቃውንትም ከአንቷን ዳባዲ ጀምሮ የራሳቸው ልማድ አላቸው። እያንዳንዱ ሥርዐት በራሱ ምክንያታዊ ነው፤ ችግሩ የሚመጣው ሁሉም በአንድ ካታሎግ ውስጥ ሲገናኙ ነው። አንባቢው በኮምፒዩተሩ ቍልፍ ላይ ነጥብ ከሥሩ ያለበት ፊደል የለውም፤ ቢኖረውም ሐዲስ በየትኛው ሐ እንደሚጻፍ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ፊደላችን ራሱ በመዝገቡ ላይ ቢጻፍ ኖሮ ብዙው ድካም በቀረ ነበር። ይህ እንዳይሆን ያደረገው ግን ንቀት ብቻ አልነበረም። ቤተ መጻሕፍት በኮምፒዩተር ሥራ ሲጀምሩ የተስማሙበት የመዝገብ ቅርጽ ከላቲን ሌላ የዐረብን፣ የዕብራይስጥን፣ የግሪክን፣ የስላቭንና የሩቅ ምሥራቅን ጽሕፈት ያካተተ ሲሆን የግዕዝ ፊደል አልገባበትም። ፊደላችን በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ የገባው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት በላቲን ብቻ የተመዘገበው ሁሉ እንደ ነበረ ቀርቷል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያርመው ሠራተኛ የሚቀጥር ቤተ መጻሕፍት ከተገኘ ዕድል ነው።

ሆኖም ፊደሉ ስለ ገባ ብቻ ነገሩ አያልቅም። «ኃይለ»ን በኃ የጻፈ አንባቢ በሀ የተመዘገበውን አያገኝም፤ ጸሐይና ፀሐይ፣ ሠዓሊና ሰዓሊ እንዲሁ ናቸው። በፊደል ተራም ቢሆን አንድ አይደለንም። የተሰማ ሀብተ ሚካኤል «ከሣቴ ብርሃን» የአማርኛ መዝገበ ቃላት፣ በ1951 ዓ.ም. የታተመው፣ በሀ ለ ሐ መ ተራ ይሄዳል። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላትና በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ደግሞ የአ በ ገ ደን ተራ ይከተላሉ። ሁለቱም ወገን በቂ ምክንያት አለው። ለካታሎግ ግን አንዱ መመረጥ አለበት፤ የተመረጠውንም ሌላው ወገን መቀበል ይኖርበታል።

የዘመን አቈጣጠር ልዩነት ደግሞ ከሁሉ በጸጥታ የሚያሳስት ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ ይህም በአውሮፓ አቈጣጠር 1965 ወይም 1966 ነው። የካታሎግ ሕጉ በመጽሐፉ ላይ ያለው ዓመት እንዳለ ተጽፎ የአውሮፓው ዓመት በቅንፍ እንዲጨመር ያዛል። ቅንፉ ሲረሳ መጽሐፉ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያረጃል። ይህ ለልብ ወለድ ትንሽ ጕዳይ ሊመስል ይችላል። በ1967 ዓ.ም. የታተመ የፖለቲካ ጽሑፍ ግን ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን ከዙፋን በወረዱበት ዓመት የወጣ ነው። ካታሎጉ «1967» ብሎ በአውሮፓ ዓመት ከወሰደው፣ ጽሑፉ በሳንሱር ዘመን በንጉሡ አገር የታተመ ይመስላል። በእንዲህ ያለ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ የአብዮቱን የአሳብ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ውጤቱን ከምክንያቱ በፊት ሊያስቀምጥ ይችላል።

ስለ ማጣቀሻ መሣሪያዎች

ጥሩ የካታሎግ ሠራተኛ ሁሉን አያውቅም፤ የት እንደሚጠይቅ ግን ያውቃል። ለኢትዮጵያ መጻሕፍት የሚጠየቀው የት ነው?

ከእኛ ወገን የመጀመሪያውን ድንጋይ ያስቀመጡት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። በኢትዮጵያ የሚገኙትን በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍት ካታሎግ በ1904 ዓ.ም. አሳተሙ፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ አስፋፍተው በድጋሚ አወጡት። ሥራው የሚደነቀው በብዛቱ አይደለም። የግዕዙን ብራናና አዲሱን የአማርኛ ኅትመት በአንድ ዝርዝር አጠገብ ለአጠገብ በማኖሩ ነው፤ የአውሮፓ ካታሎጎች ግን ብራናውን ለምሥራቅ ጥናት ክፍል፣ ኅትመቱን ለሌላ ክፍል ሲሰጡ ኖረዋል። ኅሩይ እ.ኤ.አ. በ1936 ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ፤ በ1938 በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ አረፉ። የመጀመሪያው የመጻሕፍት ቈጣሪያችን ስደተኛ ሆነው መሞታቸውን ይህ መጽሔት ሊዘነጋው አይገባም።

ከእርሳቸው በኋላ እስቲቨን ራይት እ.ኤ.አ. በ1967 በአዲስ አበባ ያሳተሙት የቀደምት ኅትመቶች ዝርዝር፣ በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የሰበሰበው፣ እንዲሁም በ1973 የተጀመረውና በሚኒሶታ የሚጠበቀው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ፕሮጀክት ይመጣሉ። የዚህ የመጨረሻው ካታሎግ ከ1975 እስከ 1993 ድረስ በ10 ቅጽ ወጥቷል፤ በዊልያም ማኮምበር ተጀምሮ በጌታቸው ኃይሌ እጅ ያደገ ነው። ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ2021 እስኪያርፉ ድረስ በስደት የሠሩት ይህ ሥራ አንድ የሚያጽናና ነገር ያሳያል፤ ጽሑፉን የሚያነብ ሰው ራሱ ካታሎጉን ሲሠራ መዝገቡ ወደ ጥናት ከፍ ይላል።

ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ ከ2003 እስከ 2014 በ5 ቅጽ ተጠናቋል። ሰዎችን በመጀመሪያ ስማቸው ያስገባል፤ በዚህ ብቻ ለካታሎግ ሠራተኛ ታላቅ አገልግሎት ሰጥቷል። በጄኔቫም ሆነ በዙሪክ የኢትዮጵያ ስም ያጋጠመው ሠራተኛ በመጀመሪያ ሊከፍተው የሚገባው መጽሐፍ ይኸው ነው። ሁለት ነቀፌታ ግን አለኝ። የመጀመሪያው፣ የፊደል መገልበጫው ለቋንቋ ሊቅ እንጂ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛና ለተራ አንባቢ የሚመች አይደለም፤ ምልክቶቹን የማያውቅ ሰው የሚያውቀውን ስም እንኳ ገጽ ላይ አይቶ ሊያልፈው ይችላል። ሁለተኛው፣ ስለ እኛ የተሠራው ትልቁ ማጣቀሻ በእንግሊዝኛ ብቻ መሆኑ ነው። በጎንደርና በደሴ ያለ መምህር ሊጠቀምበት የሚችል የአማርኛ አቻ አልተሠራለትም። ይህ የአዘጋጆቹ ጥፋት አይደለም፤ እነርሱ ድርሻቸውን ተወጥተዋል።

የጄኔቫ መዛግብትና የዙሪክ ሥዕሎች

ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. መስከረም 28 ቀን 1923፣ በእኛው መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው። የማኅበሩ መዛግብት በመንግሥታት አዳራሽ ይገኛሉ፤ ዩኔስኮም በ2009 በዓለም የማስታወሻ መዝገብ አስገብቷቸዋል። ከ2017 እስከ 2022 በተካሄደው ሥራ ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጉ ገጾች በዲጂታል ተገልብጠዋል። ዛሬ በአዲስ አበባ ያለ ተማሪ ጄኔቫ ሳይመጣ ሊያነብባቸው ይችላል። ይህ በእውነት ታላቅ ስጦታ ነው።

ይሁን እንጂ ገጹ ተከፈተ ማለት መንገዱ ታወቀ ማለት አይደለም። የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ፋይሎቹን በሦስት ዘመን፣ ማለትም ከ1919 እስከ 1927፣ ከ1928 እስከ 1932 እና ከ1933 በኋላ ብሎ ከፍሎ ነበር የሚያስቀምጠው። አንድን ጉዳይ ከጅማሬው እስከ ፍጻሜው የሚከተል ሰው ዘመኑ በተለወጠ ቍጥር ቍጥሩንም መለወጥ አለበት። በዚህ ላይ የስሙ ነገር አለ። በ1923 ስለ አባልነቱ የሚፈልግ ሰው «ተፈሪ»ን፣ በ1936 ስለ ወረራው የሚፈልግ «ኃይለ ሥላሴ»ን መጠየቅ ይኖርበታል፤ ሁለቱን የሚያገናኝ «ተመልከት» የሚል ማስታወሻ ከሌለ አንዱ ሰው በሁለት ይከፈላል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 5 ቀን 1934 ግጭት የተነሣባት ወልወልም በእንግሊዝኛ በደብልዩ፣ በኢጣልያንኛ በዩ ትጻፋለች። የከሳሽና የተከሳሽ አጻጻፍ የተለያየ ስለሆነ አንባቢው የጻፈው ፊደል የማንን ወረቀት አስቀድሞ እንደሚያገኝ ሊወስንለት ይችላል።

ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ የተናገሩት በአማርኛ ነበር። የማኅበሩ ይፋ ቃለ ጉባኤ ግን የሚታተመው በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ነው። በመዝገቡ የቋንቋ መስመር ላይ አማርኛ የሚል ቃል ካልሰፈረ፣ በዚያ አዳራሽ ቋንቋችን መሰማቱን የሚያስረዳ ምልክት በካታሎጉ ላይ አይገኝም።

ወደ ዙሪክ ስንመለስ፣ ኢልግ ከአገራችን ይዘዋቸው የመጡት ፎቶግራፎች በዩኒቨርሲቲው የሕዝቦች ባህል ቤተ መዘክር ይጠበቃሉ፤ ኤሊዛቤት ቢያዚዮ እ.ኤ.አ. በ2004 ስለ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ባወጡት መጽሐፍ በጥንቃቄ አስተዋውቀዋቸዋል። በመዛግብት ሙያ አንድ ስብስብ በሰብሳቢው ስም መጠራቱ ትክክለኛ መርሖ ነው። ነገር ግን መርሖው ሁለተኛ ማውጫን አይከለክልም። በሥዕሉ ውስጥ የቆመው ባላባት፣ እመቤት፣ ቄስ ወይም ባለሟል ስሙ ታውቆ ለብቻው ካልተመዘገበ፣ የሥዕሉ ባለቤት ሆኖ የሚቀረው ካሜራውን የያዘው ብቻ ነው። ይህን የመለየት ሥራ ደግሞ ከአገሬው ሰው በተሻለ የሚሠራው የለም፤ ልብሱን አይቶ ማዕረጉን፣ ሕንፃውን አይቶ ቦታውን የሚያውቅ ሽማግሌ በመካከላችን ገና አለ።

ሁለት መቃወሚያዎች

አንዳንዶች ዛሬ ኮምፒዩተር በየትኛውም ቃል ስለሚፈልግ የስም ቅርጽ ነገር ያለፈበት ክርክር ነው ይላሉ። ይህ አባባል ፍለጋንና ካታሎግን አንድ አድርጎ ማየት ነው። ፍለጋ የጻፍነውን ይመልስልናል፤ ያልጻፍነውን ቅርጽ አያስታውሰንም። ካታሎግ ግን የአንድን ደራሲ ሥራዎች ሁሉ በአንድ ቦታ ሰብስቦ፣ እኛ ያላሰብነውንም ጨምሮ ያቀርብልናል። ከዚህም ሌላ ፍለጋ ሲያጣ «የለም» ይላል እንጂ «በሌላ አጻጻፍ ሞክር» አይልም።

ሌሎች ደግሞ የስዊዘርላንድ ቤተ መጻሕፍት ለጥቂት የአማርኛ መጻሕፍት ልዩ ባለሙያ እንዲቀጥሩ መጠበቅ የዋህነት ነው ይላሉ። በዚህ እስማማለሁ። የካታሎግ ክፍል ኃላፊ በየዓመቱ የሚገባውን መጽሐፍ፣ የሠራተኛውን ሰዓትና የበጀቱን መጠን ማመዛዘን አለበት፤ ስለዚህም አብዛኛው መዝገብ በሌላ ቤተ መጻሕፍት ከተሠራው ተገልብጦ የሚወሰድ ነው። ነገር ግን ከዚህ እውነት የሚወጣው መደምደሚያ ተቃራኒው ነው። መዝገብ የሚገለበጥ ከሆነ ስሕተትም አብሮ ይገለበጣል፤ በአንድ ቦታ የተደረገ እርማትም እንዲሁ ይሰራጫል። አንድ ስም በምንጩ መዝገብ ላይ ቢቃና በጄኔቫ፣ በዙሪክና ከዚያም አልፎ ይቃናል። ለዚህ የሚያስፈልገው በየቤተ መጻሕፍቱ አንድ ባለሙያ ሳይሆን፣ የሚታመን አንድ የጋራ ዝርዝር ነው።

ምን ይደረግ?

እንግዲህ ቅሬታን በሥራ መተካት ከተፈለገ፣ እንደ እኛ ያለ የምሁራን ማኅበር ሊጀምራቸው የሚችላቸው ጥቂት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው የኢትዮጵያውያን ደራስያን የስም ዝርዝር ነው። ለእያንዳንዱ ደራሲ ስሙ በግዕዝ ፊደል፣ የአባቱ ስም፣ ጥምር ስም ከሆነ ወሰኑ፣ ማዕረጉ ለብቻው፣ የታወቁ የላቲን አጻጻፎቹ ሁሉ፣ የትውልድ ዓመቱም በሁለቱ አቈጣጠር ይሰፍራል። ዝርዝሩ ለጀርመኑም ለፈረንሳዩም መዝገብ ሲቀርብ ሁለቱ ተቋማት ስማችንን በየፊናቸው መገመታቸው ይቀራል። በአገር ቤትም በአዋጅ ቍጥር 179/1991 ዓ.ም. የተቋቋመው የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ድርጅት ዝርዝሩን ቢያጸድቀው፣ የፓሪሱ መርሖ የሚጠይቀው ስምምነት ተገኘ ማለት ነው።

ሁለተኛው የራሳችን ጽሑፍ ሥርዐት ነው። የማኅበራችን መጽሔት ደራስያንን በመጀመሪያ ስማቸው ያለ ግልበጣ ለመደርደር፣ የኅትመት ዓመትንም በሁለቱ አቈጣጠር ለመጻፍ መወሰን ይችላል። ይህ ምንም ገንዘብ አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸኩለው ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በአውሮፓ የኖረው ትውልድ ያሳተማቸው መጽሔቶች፣ በራሪ ወረቀቶችና የጉባኤ ሰነዶች ዛሬ ብዙዎቹ በየሰዉ ምድር ቤት በካርቶን ተቀምጠዋል። አሳታሚ የላቸውም፤ ዓመታቸው አንዳንዴ በኢትዮጵያ፣ አንዳንዴ በአውሮፓ ነው፤ ደራስያናቸውም የብዕር ስም የያዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ በወጣው ጽሑፍ ላይ ያለው «ጥላሁን ታከለ» የሚለው ስም የብዕር ስም መሆኑን የዚህ መጽሔት አንባቢ ያውቃል፤ የካታሎግ ሠራተኛ ግን እንደ አንድ ተራ ሰው ይመዘግበዋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የብዕር ስምን ከእውነተኛው ስም ጋር ማገናኘት የሚገባው ባለቤቱ ራሱ በይፋ ሲገልጸው ወይም በታሪክ ሲረጋገጥ ብቻ ነው፤ መዝገብ ያለ ፈቃድ ሰውን የሚያጋልጥ መሣሪያ መሆን የለበትም። ነገር ግን ወረቀቶቹ ሳይመዘገቡ ባለቤቶቻቸው ቢያልፉ፣ ወራሾቹ በማያነብቡት ቋንቋ የተጻፈ ካርቶን ወዴት እንደሚሄድ መገመት አያዳግትም።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ያንን ካታሎግ ሲያዘጋጁ ኮምፒዩተር አልነበራቸውም፤ ዓለም አቀፍ መርሖም አልወጣም ነበር። የነበራቸው ያለንን መጻሕፍት ለይተን ካልቈጠርን ሌላ ሰው በሌላ ስም ይቈጥርልናል የሚል ግንዛቤ ይመስለኛል። ዛሬ በጄኔቫና በዙሪክ ካታሎጎች ላይ የምንነቅፈው ጕድለት የዚያ ቈጠራ መቋረጥ ውጤት ነው። መርሖው ተጽፎልናል፤ ፊደሉ በኮምፒዩተር ገብቷል፤ የጋራ ካታሎጉም ተከፍቷል። የሚቀረው ዝርዝሩ ነው፤ ዝርዝሩን ደግሞ ከእኛ ሌላ የሚሠራው የለም።